መስኮቱ ሲጠብ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መስኮት ጠባቂዋ» ይሏታል። ለቀልድ የወጣ ስም ነበር፤ ተጣብቆባት ቀረ። የምትቀመጥበት ክፍል ግን አንድም መስኮት የለውም። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል፤ ሰርቨሮቹ በብረት መደርደሪያቸው ላይ አረንጓዴ ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፤ እሷ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጣ ትውላለች። መስኮቷ እሱ ነው። ባለሙያዎቹ ተርሚናል ይሉታል፤ ስዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጥቁር መደብና ነጭ ፊደል ብቻ። እሷ እዚህ ትእዛዝ ስትጽፍ ትእዛዙ በቀጭን መስመር ሽቅብ ተጉዞ ተራራው አናት ላይ ያለ ሌላ ማሽን ውስጥ ይገባል። ያ ማሽን የታዘዘውን ሠርቶ መልሱን ቁልቁል ይልክላታል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ግን ተራራ ላይ ይውላል ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱ የውሃ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ተራራው ላይ ካለው ግድብ ይወርዳል፤ ግድቡ ዳር አንድ የመለኪያ ጣቢያ አለ፤ ጣቢያው ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚከታተል አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ባሏ ነው።

እሱንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ላይኛው» ነው የሚሉት። ለአንድ ዓመት ተብሎ ነበር የወጣው። ዓመቱ ሲሞላ ተተኪ ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ መለኪያው ተበላሸና «እሱን አስተካክዬ ልውረድ» ብሎ በራሱ አፍ ቆየ። ይህቺ «በራሱ አፍ» የምትባል ነገር ናት እንደ እሾህ ውስጧ የቀረችው። ስልክ እዚያ አይሠራም፤ ዐለቱ ሞገዱን ይመልሰዋል። ቀጭኗ መስመርም ፊደል ታሳልፋለች እንጂ ድምፅ አትችልም። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚገናኙት በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ነው።

እሱ በሄደ ሰሞን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚገቡበት የጋራ መስኮት ከፈተች። ለሥራ ነው፤ እሷ እዚህ ሆና የመለኪያውን ፕሮግራም ስትነካካ እሱ እዚያ ሆኖ እንዲያይ። እሱ የጻፈውን እሷ ታያለች፣ እሷ የጻፈችውን እሱ ያያል፤ አንድ ገጽ ላይ ከግራና ከቀኝ ሆነው እንደሚጽፉ ተማሪዎች። የመጀመሪያው ቀን ከተራራው የወረደላት መልእክት ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ ጥያቄ። «ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያፋጥጠኝ?» ብላ ደነገጠች። ኋላ ገባት፤ የላይኛው ማሽን ፊደላችንን እንዲያውቅ የነገረው የለም። ቅንብር በሚሏት በአንዲት መስመር መመሪያ ነገረችው። በማግስቱ ባሏ መጻፍ ቻለ፤ መሰረዝ ግን አቃተው። ማጥፊያ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ስህተቱ እንደመጥፋት ሌላ ምልክት ይወልዳል። እሱንም አስተካከለችለት። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉ መስመር እየሳተ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረብ ጀመር፤ ተርሚናሉ ራሱን በሌላ ተርሚናል ስም አስተዋውቆ ኖሯል። ስሙን አቀናችው።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ይገርማል። ሩቅ ያለ ማሽን ሰውን አያይም። ፊቱን አያይ፣ ዓይኑን አያይ። «ስሜ ይህ ነው፣ ስፋቴ ይህን ያህል ነው፣ የማውቀው ፊደል ይህ ነው» ብሎ ተርሚናሉ የነገረውን ብቻ አምኖ ይቀበላል። ተርሚናሉ ከዋሸው፣ ምስኪኑ ማሽን በቅን ልቦናው ቃሉን ሁሉ ይበታትነዋል። ይህን ያህል ርቀት በእምነት ብቻ መሻገር! እሷ ይህን ስታስብ አንዳንዴ እጇን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደሚጨዋወቱም ዘዴ አበጁ። ማሽኑ የተጻፈለት ሁሉ ትእዛዝ ይመስለዋል። «ናፍቀሽኛል» ብሎ ቢጽፍ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ይላል፤ ብሎም ያውቃል። ግን ከመስመሩ ፊት አጥር የምትመስለዋን ምልክት ካስቀደሙ፣ ከአጥሯ ወዲያ ያለውን ማሽኑ አይሰማም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማስታወሻቸውን እዚያ ይጽፋሉ። እነዚህ ሁለቱ ኑሯቸውን ጻፉበት፤ የጣሪያውን መፍሰስ፣ የእናቱን ጉልበት፣ የጎረቤቱን አዲስ ውሻ፣ የሁለቱንም ኩርፊያ።

የገባበትን ሰዓት የምታውቀው ደግሞ ሳይጽፍም ነው። የእሷ ስክሪን ሰፊ ነው፤ የእሱ ከድሮ የቀረ፣ የእጅ መስተዋት የምታህል። የጋራው መስኮት ደንብ አለው፤ ከገቡት ሰዎች የትንሹ ስክሪን ስፋት ለሁሉም ስፋት ይሆናል። እሱ ሲገባ የእሷ ገጽ ድንገት ሰብሰብ ይላል፤ የተረፈው ቦታ ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ሲወጣ ይዘረጋል። ደንቡን መለወጥ ለእሷ ቀላል ነበር። አልለወጠችውም።

አንድ ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይል ይዛ ገብታ ስክሪኑን አየችና፣ «እህት ዓለም፣ ግማሹ ፈንጣጣ የወጣበት ምን ነው? ተበላሽቶብሽ ነው?» አለቻት።

«አልተበላሸም። ሰው አለ።»

«ሰው? የታል?»

«ሲገባ ገጹ ይጠባል።»

መዝገብ ቤቷ ራሷን ነቀነቀች። «የኔ ባል ሲገባ የሚጠበው ሳሎኑ ነው። አንቺ ተገላግለሻል» ብላ ፋይሏን ጥላ ሄደች።

ማታ ቤት ስትገባ አማቷ በሩ ላይ ይጠብቋታል። ጉልበታቸው ከያዛቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ የልጃቸውን ወሬ ከምራታቸው አፍ ይለቅማሉ።

«ዛሬስ መጣ?»

«መጥቶ ነበር፣ እማዬ።»

«ከስቷል?»

«እማዬ፣ ስንቴ ልንገርዎት፣ ፊደል እንጂ ፊት አይታይም።»

አሮጊቷ አሰብ አደረጉና፣ «ፊደሉስ ከስቷል?» አሏት።

ሳቀች ያን ጊዜ። ኋላ ግን ነገሩ ከነከናት፤ ፊደሉ በእርግጥም ከስቶ ነበር። በቅርብ ጊዜ የሚጽፈው አጥሯል። «ደህና ነኝ።» «ውሃው ጨምሯል።» «በርቺ።» ድሮ ስለ አንድ ወፍ ገጽ የሚሞላ ሰው! ተራራው ተስማምቶት ይሆን? ብላ ማሰብ ጀመረች። አንዳንድ ሰው ብቸኝነትን ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ ሰው ይከብደዋል ይላሉ። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገረችም። ለእሱም።

አንድ ቀን ጠዋት ኃላፊው አስጠራት። ጡረታ የደረሰ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር የሚፈልግ ሰው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለላይኛው ተተኪ ተገኘ» አላት።

ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«ደስ አይልሽም እንዴ? ቆይ ግን፣ ባለፈው ‹ልቆይ› ያለኝ ራሱ ነው። አሁንም ቃሉን ሳልሰማ አላወርደውም። የምደባው ዝርዝር ዛሬ ከመውጫ ሰዓት በፊት ወደ ዋናው ቢሮ ይሄዳል። ካለፈ ሌላ ዙር እስኪመጣ ነው፤ እሱም ከክረምቱ በኋላ። ጠይቂውና ንገሪኝ።»

ጠዋቱን የሩብ ዓመት ሪፖርት ስትጽፍ ነበር። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ስላስቸገራት በየዓረፍተ ነገሩ ማስቀመጫውን፣ ኮንትሮልና ኤስን፣ ትጫናለች፤ ጣቶቿ ሳትነግራቸው ይሠሩታል። ሪፖርቱን ትታ ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞረች። ገጹ ጠቧል። አለ! ከአጥሯ ወዲያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ተተኪ ተገኝቷል። ትመጣለህ ወይስ ትቆያለህ? ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋሉ።»

የመስመር ማሳለፊያውን ተጫነች። ያቺ መስመር ከጻፈችው ሁሉ የከበደች ነበረችና፣ ጣቶቿ እንዳትጠፋባቸው ፈሩ መሰል፣ ሳታውቀው ኮንትሮልና ኤስን ተጫኑ።

ተርሚናል ውስጥ ይህ ቁልፍ ማስቀመጫ አይደለም። ማሽኖች በወረቀት ላይ እያተሙ ከሚናገሩበት ዘመን የቀረ ትእዛዝ ነው፤ ትርጉሙ «ቆይ፣ አትናገር» ነው። የተነገረው ማሽን አፉን ይዘጋል። የሚጻፍለትን ሁሉ ይቀበላል፣ ውስጡ ያጠራቅማል፣ አንዲት ፊደል ግን አያሳይም። በጋራ መስኮት ሲሆን ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይዘጋል። እሷ ይህ ጠፍቷት አይደለም። ከዓመታት በፊት በሁሉም ማሽኖች ላይ ዘግታው፣ ጭራሽ ከሐሳቧ የወጣ ነገር ነው። የሞተ እባብ የሚፈራ ማን አለ? ግን የጣቢያው ማሽን ባለፈው ሳምንት ዲስኩ ተበላሽቶ በአዲስ ተተክቶ ነበር፤ ከአዲሱ ጋር የጥንቱ ልማድ ተመለሰ። ፊደሉን መለሰችለት፣ ማጥፊያውን መለሰችለት፣ ይህቺን አንዲት መስመር ረሳች።

ጠበቀች።

ገጹ እንደጠበበ ነው። አለ ማለት ነው። ጥያቄዋን አይቷታል፤ ዓይኑ እላይዋ ላይ ነው። ግን አንዲት ፊደል የለም። ማቀዝቀዣው ያንኮራፋል። አንድ «እ» እንኳ! ሁለተኛ ልጠይቅ አለችና እጇን ሰበሰበች። ባል ወደ ቤቱ እንዲመጣ ስንት ጊዜ ይለመናል? መዝገብ ቤቷ ምሳ እንውጣ ስትላት «አልራበኝም» አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ያን ቀን በዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጠብጣቦቹ ጠፉ። ገጹ ተዘረጋ፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ባዶ። ወጥቷል።

ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ይሄም መልስ ነው አለች። ተነሥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«እህ፣ ምን አለ?»

«ይቆይ።»

«እሱ ነው ያለው?»

«መልሱን ሰጥቷል፣ ጋሼ።»

ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ፊቷን አየ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ለመልእክተኛው ሰጠ።

ቤት ስትገባ አማቷ በሩ ላይ ናቸው። «ዛሬስ መጣ?»

«መጥቶ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ እማዬ።»

«የኔ ልጅ ምንም ሳይል?» አሮጊቷ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ተኝቶ እንኳ ሲያወራ የሚያድር ልጅ! አንቺ፣ ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

ደህና አድርጋ ነው ያየችው። ቀኑን ሙሉ ያየችው እሱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት ጥያቄዋ እንዳለች ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ባዶ። የውሃውን ከፍታ ልይ ብላ ትእዛዝ ጻፈች። የጻፈችው አልታየም። ደገመች። ምንም። መስመሩ ተበጥሷል እንዳትል፣ ከገጹ ግርጌ ያለችው ትንሽ ሰዓት ደቂቃዋን ትቆጥራለች። መስመሩ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ዝም ያለው ገጹ ብቻ ነው። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ድሮ፣ ቁልፉን ሳትዘጋው በፊት፣ ሥራ ለጀመሩ ሰዎች ሁሉ እየሳቀች «አትደንግጡ፣ እንዲህ ሲሆን ኮንትሮልና ኪው ተጫኑ» ስትል የኖረች እሷ ናት።

«ኧረ የት አባቴ ልግባ» አለች ብቻዋን። ተጫነችው።

ገጹ ፈሰሰ። ማሽኑ ሲያጠራቅም ያደረው ሁሉ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣ፤ ፊደሉ በፊደሉ ላይ፣ መስመሩ በመስመሩ ላይ፦

«እመጣለሁ!»

«ምን ጥያቄ ነው ይሄ? እመጣለሁ እንጂ። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው።»

«የጻፍኩት አይታየኝም። አንቺጋ ይታያል?»

«አለሽ?»

«የማሳጥርብሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ረዘም አድርጌ ከጻፍኩ ልቤ ይወርዳል፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ። ለውሃው ድምፅ መልስ መስጠት ጀምሬያለሁ። ትናንት ‹አቤት› አልኩት።»

«ዝም አልሽ።»

«እንድመጣ አትፈልጊም? ቤቱን ብቻሽን ለምደሽው እንደሆነ ንገሪኝ። አልቀየምም።»

«እሺ። ገባኝ። እንግዲያ ይቆያል በያቸው። እናቴን አደራ።»

ከሁሉ በታች የራሷ ትእዛዝ ተከትሎ ወጣና ማሽኑ የውሃውን ከፍታ ነገራት። ውሃው ጨምሯል።

ወንበሯ ወድቆ ቀረ። ኮሪደሩን በሩጫ ስታልፍ መዝገብ ቤቷ «እሳት ተነሣ?» ብላ ብቅ አለች። ኃላፊው ኮቱን ገና አላወለቀም።

«ጋሼ፣ ይመጣል! ይመጣል ብሏል! ዝርዝሩን ይመልሱልኝ።»

«ዝርዝሩ? ትናንት ሄዷል እኮ።»

«ይደውሉላቸው!»

ደወለ። እሷ ቆማ የሱን «እ... እ... ገባኝ... አመሰግናለሁ» ሰማች። ስልኩን አስቀምጦ የተባለውን ነገራት። ተተኪው ማለዳ ለሌላ ግድብ ተመድቦ፣ ይህን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የወጣ ሰው አይመለስም። ከክረምቱ በኋላ፣ አለ።

ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ ጣቷን፣ ዲስኩን፣ ዝምታውን፣ «መልሱን ሰጥቷል» ያለችውንም። ኃላፊው ስለ ማሽን የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ታዲያ ይሄ ቅንብር የምትይው አሁንም እንደተበላሸ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚህ ሆኖ ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል፣ ጋሼ። አንድ መስመር ነው።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «አንቺ ልጅ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ? የዕቃ መኪናው ነገ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔ የጉዞ ወረቀት ላይ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። እንደገና እጠይቅሻለሁ። ከዚህ ሆኖ ይስተካከላል?»

አየችው። ገባት።

«አይስተካከልም።»

«እንዲህ ነው የባለሙያ ቃል!» አለና መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ መፈለግ ጀመረ።

ያን ቀን ሙሉ ባሏ አልገባም። ተቀይሞ ነው፤ መብቱ ነው። ከአጥሯ ወዲያ «ሁሉም ደርሶኛል። ዘግይቶ ደረሰኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ጽፋለት፣ መሸት እስኪል የገጹን ዳር ስታይ ዋለች። ገጹ እንደሰፋ ቀረ። ሰፊ ነገር እንደዚህ ሊጠላ ይችላል ወይ!

አማቷ ካልሲና ሳሙና በፌስታል ቋጥረው ሰጧት። ጠጋ ብለው ጉንጯን ያዙ። «ከስቶ ከሆነ እዚያው አወፍሪው እንጂ መጥተሽ እንዳትነግሪኝ» አሏት።

መኪናው ማልዶ ወጣ። ሾፌሩ ወሬኛ ነው፤ በየኩርባው አንድ ታሪክ አለው። እሷ የሰማችው ግማሹን እንኳ አይሆንም። መንገዱ ይህን ያህል ረጅም መሆኑ አስደነቃት። ፊደሏ በዓይን ጥቅሻ የሚያልፈው መንገድ ይህ ነው? ይህ ሁሉ ገደል፣ ይህ ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ይህ ሁሉ አቧራ? ስታስበው የተራራው መስመር ገመድ ብቻ ነበር፤ ዛፍ እንዳለበት፣ ድልድይ እንዳለበት፣ ድልድዩ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ቆማ እንደምትውል በአሳቧም አልነበረም። ከግድቡ በፊት ድምፁ መጣ። ውሃው። ደረቷ ውስጥ ገብቶ የሚያጓራ ድምፅ። «አቤት» ቢለውም አይፈረድበትም አለች በልቧ።

ጣቢያው ከግድቡ ጠርዝ ላይ ያለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ናት። መኪናው ከጓሮዋ ቆመ። እሱ አልሰማም፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሞተር አይሰማም። ከታች፣ ከድንጋዩ ደረጃ ጫፍ፣ ጀርባውን ሰጥቶ መለኪያው ላይ አጎንብሷል። ጃኬቱ የማታውቀው ነው። ጸጉሩ ከማጅራቱ ረዝሟል፤ ነጭም ጣል ጣል ብሎበታል። ትከሻው ግን ያው ነው፤ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ያለ። ይህን ረስታው ነበር። በዚያ ሁሉ ፊደል ውስጥ ትከሻው አንድም ቀን አልመጣም።

ቀናት ብቻ ነው የምትቆየው። መኪናው ሲወርድ ይዟት ይወርዳል፤ ክረምቱም ሁለቱን ለየብቻ ያሳልፋቸዋል። የምታስረዳውም ነገር አለ፤ ይሰማት እንደሆነ አታውቅም።

ሾፌሩ ዕቃውን ማውረድ ጀምሮ ነበር። ካርቶን እንደተሸከመ ቆሞ አያት። «ምነው ቆምሽ? ልጥራልሽ እንዴ?»

«ተወው፣ ወንድሜ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ትንሽ ልየው።»